ከማግኔቱ ስር ያለው መሳቢያ

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አባቷን «ጋሽ ማግኔት» ነበር የሚላቸው። የሽንኩርት ዘር በትልቁ ማግኔት መሃል ያሳድሩና በማግስቱ እርጥብ ወረቀት ላይ ያበቅሉታል። ብቻቸውን በሠሩ ጊዜ ማግኔት ካገኘው ከመቶው ዘጠና አንዱ በቀለ፤ ካላገኘው ሰባ አራቱ። ልጃቸው በረዳትነት ከተቀጠረች ወዲህ ግን ሁለቱም እኩል ይበቅሉ ጀመር። ሦስት ጊዜ ተሞከረ፤ ሦስቴም እኩል። ገምጋሚዎቹ፣ እነዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው ክፍሉን እንኳ ረግጠው ያላዩ ጌቶች፣ «የመጀመሪያው ቁጥር ፈጠራ ነው» ብለው ፈረሙ። ኃላፊውማ «ጋሼ፣ ማግኔትዎን የፍሪጅ በር ላይ ይለጥፉት» ብሎ አሳቀባቸው።

ዛሬ ክፍሉን እንድታስረክብ ታዘዘች። ማግኔቱ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ መሳቢያ ሳበች። ማግኔት የማይነካቸውን ማነጻጸሪያ ዘሮች፣ አቧራ እንዳያገኛቸው ብላ፣ በገዛ እጇ የምታሳድረው እዚያ ነበር። ድሮ ዘሮቹ ያሉባቸውን ፖስታዎች በክር ታስር ነበር፤ ከመጨረሻው ሙከራ የተረፉትን ግን፣ ክር ሲያልቅባት፣ የብረት አግራፍ ሰክታባቸው እዚያው መልሳቸው ነበር። መሳቢያው ባዶ ነው። አጎንብሳ አየች። ፖስታዎቹ በአግራፋቸው ተስበው ከጠረጴዛው ሆድ ጋር ተጣብቀዋል።

ለካ ማግኔቱ ከላይም ከታችም ሲሠራ፣ መሳቢያው ውስጥ ያሉትንም ዘሮች ሲነካ ኖሯል።

እየሮጠች ቤት ገባች። አባቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ እርስዎ አልዋሹም! እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ መሳቢያው...»

«አውቃለሁ» አሉ። «ከተሰናበትኩ በኋላ መነጽሬን ልወስድ ክፍሉ የመጣሁ ቀን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ምን ልበል? ‹ልጄ ናት› ልበል? በማግስቱ ነው የሚያባርሩሽ። እኔን ውሸታም ቢሉኝ ስንት ዓመት ሊሉኝ ነው?»

«ማን ጠየቀዎት!» በአባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም።

«ቀስ በይ የኔ እናት፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ይስማ!»

ወረቀት አውጥታ ጥፋቷን አንድ በአንድ ጻፈች። ስትጨርስ እስክሪብቶውን ዘረጋችላቸው።

«በልጄ ላይ አልፈርምም።»

«ያለ እርስዎ ቃል አያምኑኝም። አባቷን ልታድን ነው ይሉኛል።»

«ይበሉ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እስክሪብቶውን በመዳፋቸው ልታስይዛቸው ሞከረች። ጨብጠው ያዙት እንጂ ወደ ወረቀቱ አላስጠጉትም። ከእጃቸው መልሳ ወሰደችውና ብቻዋን ፈርማ፣ ደብዳቤውን በአንድ ስም ይዛ ወጣች።