ቆጣሪ ምን አፍ አለው

ወንድምአገኝ የእንቁላል ፍርፍሩን በዳቦ ጠርጎ ጨረሰ። አልበቃውም፤ መጥበሻውን አዘንብሎ ጥጉን በጣቱ ፈተገና ጣቱን ላሰ። ጢሙ ላይ ቢጫ ነገር ተለጥፏል። አፉ ሙሉ ሆኖም ያወራል።

"እትዬ የትነበርሽን ነግሬያታለሁ፤ ጨርሻለሁ" አለ። "ትናንት ማታ ስገባ በሯ ላይ አገኘኋት። አዲሱ ቆጣሪ ሁለት ቤት አይቀበልም አልኋት። በቃ፣ አለቀ።"

ሐመልማል ወደ አፏ ያስጠጋችውን የሻይ ብርጭቆ መልሳ አስቀመጠች። "ምን አልሃት?"

"ሲስተሙ አይፈቅድም አልኋት። እኛ ብንፈልግም ማሽኑ እንቢ ይላል አልኋት።"

"ሰኞ ዕለት የመብራት መሥሪያ ቤቷ ልጅ እዚሁ ቁጭ ብላ ስትነግረን አልነበርህም? ያለፈበትን ሁሉ ይቆጥራል እንጂ ማን ቤት ገባ ብሎ አይጠይቅም አላለችም?"

"ብላለች። እና እሱን ለእትዬ የትነበርሽ ሄጄ ላስረዳ?" ሳቅ አለ። "ስሚ ሐሙ፣ እኔ ክፉ መባል አልፈልግም። ስንት ዓመት ጎረቤት ነን! ከመሥሪያ ቤት የመጣ ነው ካልናት አትቀየመንም።" ሌላ ዳቦ ቆረሰ። "ደግሞ እንቁላሏ ሸጋ ነው እኮ። አስኳሉን አየሽው?"

እንቁላሉም የየትነበርሽ ነበር። በየሳምንቱ በፌስታል አንጠልጥላ መጥታ "ለቁርሳችሁ" ብላ ትሰጣቸዋለች። ይኸ ሰውዬ የሴትዮዋን እንቁላል እየላሰ የሴትዮዋን መብራት ይቆርጣል፤ ቆርጦም ደግ መባል ይፈልጋል። ኤጭ!

ሐመልማል ነርስ ናት። የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ትል የጣለ ቁስል አጥባ፣ እጇን በሳሙና ፈትጋ፣ ምሳዋን በደንብ የምትበላ ሴት ናት። ሰው ያስመለሰውን ስትጠርግ ፊቷ አይጨማደድም። ዛሬ ግን በገዛ ገበታዋ፣ ከገዛ ባሏ ፊት ለፊት ተቀምጣ አቅለሸለሻት። ተነሥታ መስኮቱን ከፈተች።

ከመስኮቱ ማዶ የየትነበርሽ ቆርቆሮ ይታያል። ባሏ ሲሞት ከኮላ ድባ ተነሥታ እዚህ ከተማ፣ አራዳ ሰፈር የገባች ሴት ናት፤ ከእነሱ ቤት ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤትና ጠባብ ግቢ ውስጥ ዶሮ እያረባች ትኖራለች። ቤቷ ካርታ ስለሌለው የራሷ ቆጣሪ ሊገባላት አልቻለም። ከእነሱ ቆጣሪ የሚነሣውን መስመር ግድግዳ በስቶ የሰጣት የሐመልማል አባት ነው፤ እሱ ካረፈም በኋላ ድርሻዋን ወር ሳታሳልፍ እየከፈለች ኖራለች። አሁን አንድ አናጺ የሠራላት የጫጩት መፈልፈያ ማሽን አላት፤ ውስጡ አምፖልና ትንሽ ማራገቢያ ያለው የእንጨት ሣጥን ነው። ጫጩቶቹን ለወለቃ መንደርና ለዙሪያው ሰው ትሸጣለች። ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

አምና መብራት ሄዶ በቶሎ ሳይመለስ ቀርቶ ሣጥን ሙሉ እንቁላል ተበላሽቶባታል። ያን ጊዜ ጉድጓድ ቆፍራ አብራት የቀበረችው ሐመልማል ነበረች። እየፈነዳ፣ ግማሹ ላባ አውጥቶ የሞተ፣ ሽታው ሰፈሩን የሞላ እንቁላል። ያን ዕለት እንኳ እንዲህ አላቅለሸለሻትም።

ደግሞ እውነቱን መናገር ነው፤ ቆጣሪውን ወንድምአገኝ ብቻ አይደለም የፈለገው። አሮጌው ቆጣሪ ከቆመ ቆይቷል። ሒሳቡ በግምት ይመጣል፤ እሷም በየወሩ መክፈያው መስኮት ላይ ቆማ ትጨቃጨቃለች። አዲሱ ግን የተጠቀሙትን በስልክ ያሳያል፣ በስልክ ይከፈላል፣ አበቃ። ሠራተኞቹ በዚህ ሳምንት ሰፈሩን ጨርሰው ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ የለም። ቤቱ በአባቷ ውርስ በስሟ ስለዞረ ፈራሚዋም እሷ ናት። እና ሰኞ ማታ ወንድምአገኝ "ይህን መስመር የምንገላገልበት ቀን መጣ፤ እኛም የውኃ ማሞቂያ እንተክላለን" ሲል ዝም አለችው። ዝም ማለት ብቻ? በክረምት የዶሮው ሽታ መኝታ ቤቷ እየገባ ያስመርራታልና በሆዷ ደስም ብሏት ነበር። አሁን ያ ደስታዋ ራሱ ቀፈፋት።

"ሄደህ እውነቱን ትነግራታለህ" አለችው ከመስኮቱ ሳትዞር።

"ምን ብዬ? ዋሽቼሽ ነበር ብዬ? አበድሽ እንዴ!"

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

የገባችው ያቺው የሰኞዋ ልጅ ናት፤ ፋሲካ ትባላለች። ቆቧን ብብቷ ሥር ይዛ፣ አዲሱን ቆጣሪ ከነካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈችው። ብዙ ቤት ስለሚቀራት ሻይም አልፈለገች። ወረቀቱን ዘርግታ እስክሪብቶዋን አቀበለች።

"ሲስተር፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ። ከዚያ መብራቱን ለጥቂት ጊዜ አጠፋዋለሁ።"

ሐመልማል እስክሪብቶውን ተቀበለች። ገና ወረቀቱን ሳትነካ በሩ ተንኳኳ፤ የትነበርሽ ገባች። ነጠላዋን አጣፍታለች፤ እጇ ላይ የዶሮ መኖ ዱቄት አለ። ሁሉንም በየተራ እንደምን አደራችሁ አለች። ተቀመጪ ሲሏት አልተቀመጠችም፤ ወደ ፋሲካ ዞረች።

"ልጄ፣ የመብራቷ አንቺ ነሽ? አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ይኸ አዲሱ ዕቃ ሁለት ቤት አይችልም አሉኝ። እሺ፣ የመንግሥት ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል። ግን እንቁላሌ የሚፈለፈል እሑድ ነው። እስከ እሑድ ብቻ ብትተይልኝ። ከዚያ ወዲያ መጥተሽ ትቆርጭዋለሽ፤ አንድ ቃል አልናገር።"

ፋሲካ ግራ ገባት። "እኔ? እኔ ምንም አልቆርጥም እኮ እማማ። ማን ነው አይችልም ያለዎት?"

ወንድምአገኝ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ያው... ሲስተሙ ማለት... ሎድ ሲበዛ፣ ስማርት ስለሆነ፣ አውቶማቲክ..." አቤት፣ ሰው ሲዋሽ እንግሊዝኛው እንዴት ይበዛል! ላብ አጠመቀው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። "አይደል ሐሙ?"

ፋሲካ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሐመልማልን አየችና ነገሩ ሲገባት ካርቶኑን እንደሚከፍት ሰው አጎነበሰች። የትነበርሽም የሁሉንም ፊት አየች። ቀስ ብላ ፈገግ አለች።

"ግድ የለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ማታም ነበር፣ ዶሮዎቹን እያስገባሁ ነበር፤ አጣምሜ ሰምቼው ይሆናል። ወንድምአገኝ ምን በወጣው! አትጨነቁ እናንተ።"

እንዲህ ያለ ነገር አይቶ የሚያውቅ አለ? የሚቆረጥባት እሷ፣ የተዋሸችው እሷ፣ አሁን ደግሞ የምታጽናናቸው እሷ! ወንድምአገኝም ይባስ ብሎ፣ ትከሻው ዘና ብሎ፣ "አዎ፣ አዎ፣ ሳንግባባ ቀርተን ነው" አለ። ሐመልማል ወደ የትነበርሽ ዞረች።

"አላጣመምሽም እትዬ" አለች። "ልክ ነው የሰማሽ። ቆጣሪው ምንም አላለም። ወንድምአገኝ ነው የዋሸሽ። እኔም መስመርሽን ሊቆርጥ እንዳሰበ እያወቅሁ ዝም አልሁ።"

"ሐመልማል!" አለ ወንድምአገኝ።

የትነበርሽ አልደነገጠችም። "አውቃለሁ ልጄ። ቆጣሪ ምን አፍ አለው? አፍ ያለው ሰው ነው።"

"ካወቅሽ ታዲያ ይቺን ልጅ ምን ብለሽ ለመንሻት?"

"መውጫ ልስጣችሁ ብዬ ነዋ። እሷ እስከ እሑድ ይቆይ ብትል እናንተም ሳታፍሩ፣ እኔም ጫጩቶቼን ሳላጣ እናልፈው ነበር።" ከዚያ ወደ ወንድምአገኝ ዞረች፤ ድምፅዋ ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ ሻከረ። "አንተስ፣ ምነው ዓይኔን አይተህ አስቸገርሽን ብትለኝ? ተዪ፣ ይብቃሽ ብትለኝ? እሺ እል ነበር እኮ። ሰው እንኳን መብራት አገር ትቶ ይሄዳል። እንዲህ እንደ ሕፃን የምታታልለኝ ምን አድርጌህ ነው?"

ወንድምአገኝ ምንጣፉን ያይ ጀመር።

"በሉ፣ መብራቱ ሲጠፋ ማሽኑ እንዳይበርድብኝ የማስገባበት ውኃ ጥጄ ነው የመጣሁ" ብላ ወጣች። በሩን እንኳ በዝግታ ነው የዘጋችው።

ፋሲካ ቆጣሪውን አውጥታ ላስቲኩን ላጠች። ወንድምአገኝ የግቢው በር ሲዘጋ እስኪሰማ ጠበቀና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

"ተገላገልን" አለ። "አየሽ፣ ብዙም አልተቆጣች። ሸጋ ሴት ናት። እሑድ ሲያልፍ እንቆርጠዋለን፤ አሁንማ ራሷም አወቀችው።"

ሐመልማል አየችው። ያገባችው ሰው ነው፤ ሲታመም ያስታመመችው፣ ደረቱ ላይ ተኝታ ያደረችው። አሁን ግን እጁ እጇን ቢነካት ሄዳ የምትታጠብ መሰላት። እሱ ተገላግሏል! ያቺ ሴት እንዲያ ሆና ወጥታ እሱ ተገላግሎ ማስቲካውን ከኪሱ እያወጣ ነው።

"እና የት ልስቀለው?" አለች ፋሲካ፤ መገላገል የምትፈልግ እሷም ነበረች። "እንደ አሮጌው ኮሪደር ውስጥ አይሆንም፣ ከውጭ መሆን አለበት። ወይ በፊት ለፊት አጥራችሁ ላይ፣ ወይ ገመዱ ከምሰሶው በሚገባበት በጀርባ ግድግዳ ላይ።"

"በአጥሩ" አለ ወንድምአገኝ።

"የጀርባው ግድግዳ በእትዬ የትነበርሽ ግቢ በኩል ያለው ነው?" ሐመልማል ጠየቀች።

"አዎ ሲስተር። ለእኔ እሱ ይቀለኛል፤ ገመዱም አጭር ነው። ግን ማብሪያ ማጥፊያውም አብሮ እዚያ ስለሚሆን ባለግቢዋ መፍቀድ አለባት።"

"የእሷም መስመር ከዚያው ይነሣል?"

"ከፈለጋችሁ ከዚያው ይነሣል። ይኸ በእናንተና በእሷ መካከል ነው፤ እኔን አታስገቡኝ።"

"ከኋላ ይሁን።"

ወንድምአገኝ ከወንበሩ ተነሣ። "ምን? መብራት በጠፋ ቁጥር በሯን ላንኳኳ ነው? የገዛ ቤቴን መብራት ለማብራት እሷን ላስፈቅድ?"

"አዎ።"

"ከዚያ መስመሯን ማን ሊነካው ነው?"

"ማንም። ግቢዋ ገብቶ፣ ዓይኗ እያየ፣ ካልሆነ በቀር።"

"ሰው ምን ይለናል? ቆጣሪያቸውን ጎረቤት ቤት ሰቀሉ አይልም?"

"ይበል።" ሐመልማል እስክሪብቶውን ለፋሲካ መለሰችላት፤ ወረቀቱን ግን አጥፋ ያዘችው። "እሺ ካለች እፈርማለሁ። እንቢ ካለችም አልፈርድባትም፤ ቆጣሪው ወደመጣበት ይመለሳል፣ እኔም መስኮት ላይ ስጨቃጨቅ እኖራለሁ። የምትጠይቃት ደግሞ አንተ ነህ።"

"እኔ?"

"አንተ። ተነሥ።"

ፋሲካ ሰዓቷን አየች። "እኔ እስከ ምሳ ነኝ" አለችና በረንዳው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ሁለቱ ወጡ። በአጥሩ ዞረው ወደ ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ሲሄዱ ወንድምአገኝ ሁለት ጊዜ ቆመ። አንዴ የጫማውን ክር አሰረ። አንዴ ደግሞ ስልኩ የጠራ አስመሰለ። የየትነበርሽ የቆርቆሮ በር ጋ ሲደርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ ሐመልማል ጠጋ አለ።

"ስሚ፣ መሥሪያ ቤቱ ነው እዚህ ይሰቀል ያለው ብላትስ? ለእሷም ክብር ነው እኮ፣ እኛም..."

ወይ ጉድ! ይኸ ሰው ውሸት ካልያዘ መንገድ አይሄድም ማለት ነው? ሐመልማል የታጠፈውን ወረቀት ዘርግታ በሁለት እጇ መካከሉን ያዘችው።

"እሱን ካልህ እዚሁ እቀደዋለሁ።"

"እሺ፣ እሺ። ታዲያ ምን ልበላት?"

"የምትፈልገውን ጠይቃት። ሰው እንደሚለምነው ለምናት።"

ወንድምአገኝ አንኳኳ። ከውስጥ ማራገቢያው ይሰማል፤ ዶሮዎች ይንጫጫሉ።

"ማነው?" አለች የትነበርሽ።

ወንድምአገኝ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ዞር ብሎ ሚስቱን አያት፤ ዓይኑ ይለምናል፣ አንቺ በይልኝ ይላል።

"ማነው ልበል?" አለች የትነበርሽ እንደገና፤ እርምጃዋ ወደ በሩ እየቀረበ ነው።

ሐመልማል ወረቀቱን እንደያዘች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ በሩን ለእሱ ለቀቀችለት።