ካርድ ከመንቀል በፊት

የካርድ መንቀያ ብዙ ሰው አይቶት የማያውቀው ዕቃ ነው። መሃሉ ላይ እጀታ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሁለት መንጠቆ፤ አለቀ። ካርድ የምንለው የስልክ መስመሮችን የሚሸከመውን፣ መደርደሪያው ላይ እንደ መጽሐፍ የሚሰካውን ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። መንጠቆዎቹ ጥግና ጥጉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይገቡና ሁለቱም ጎን እኩል ይሳባል። አንዱ ጎን ከቀደመ ከኋላ ያሉት ቀጫጭን መርፌዎች ይጎብጣሉ። እኔ ዕድሜዬን ስሰካና ስነቅል አንድም መርፌ አጉብጬ አላውቅም። ይህን ለእናቴ ነግሬያት «ጎሽ» ብላኛለች፤ ዓይኗን ከስልኩ ላይ ሳትነቅል።

የምሠራበት የስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ሊዘጋ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ወደ አዲሱ መስመር ተዛውሮ አዲስ ቁጥር ተሰጥቶታል። የቀረው አንድ ካርድ ነው፤ ካርዱ ላይ የቀረው አንድ መስመር ነው፤ እሱም የእናቴ ነው።

ወንድሜ ከእኛ ጋር ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። የሚያውቀው ያንን አሮጌ ቁጥር ብቻ ነው። «ቁጥሩ ከተቀየረ ልጄ በየት በኩል ያገኘኛል?» ትላለች እናቴ። ቁጥሩ ይቆይላት ብዬ ሃላፊያችንን ብለምነው ስለ አዲሱ መስመር ፍጥነት አብራራልኝ። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ።

ዛሬ ጠዋት ሃላፊያችን በሩ ላይ ቆሞ፣ «ያቺ ካርድ እስካሁን እዚያ ምን ትሠራለች?» አለኝ።

«ረስቻት ነው።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ነው የምትረሺው! ከሰዓት መብራቱ ይቆረጣል። ንቀያትና እንገላገል።»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እንግዲህ የኔ አንጀት ሥራ አልገባም ማለት ነው። ምንም አልተሰማኝም፤ ምሳ ምን እንደምበላ አሰብኩ።

እኛ ዘንድ ካርድ ከመነቀሉ በፊት ጆሮ ጣል ይደረጋል። ሰው እያወራ ከመሃል አይቆረጥም፤ ነውር ነው። መሞከሪያ ስልኬን መስመሩ ላይ ሰካሁ። ባዶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ሰው ይተነፍሳል። እናቴ ስልኩ መሥራቱን ለማረጋገጥ ነጋ ጠባ የምታነሳው ነገር አለ። እኔ ስሰካ ቋ ያለው ተሰምቷት መሆን አለበት።

«ሄሎ?» አለች። «አንተ ነህ?»

አንድ ቤት እየኖርን እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር።

«ተናገር እንጂ፣ የኔ ጌታ። አልቆጣህም። ማንም አይቆጣህም።»

ቀናሁ። የት እንደወደቀ በማላውቀው ወንድሜ ቀናሁ። ዝም ብዬ ብነቅለው፣ ደውሎልኝ ነበር እያለች ትኖራለች። ደስታ ይሁን መከራ እንጃ። ብቻ አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ማን?»

«እኔ።»

«አይ፣ አንቺ ነሽ» አለች። ድምፅዋ ወደማውቀው ድምፅ ተመለሰ። «በይ ዝጊው፤ መስመሩን አትያዢብኝ። ድንገት ይደውል ይሆናል።»

«እሺ» አልኳት። እሷ እስክትዘጋ ጠበቅኩና ካርዱን ነቀልኩት።