ማንኳኳት ያቃተው ቁልፍ ሠሪ

ሰፈሩ ቁልፌ የሚለው አንድ ቁልፍ ሠሪ ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም እሱም ሳይረሳው አልቀረም። ከእጁ ያመለጠ በር የለም ይባላል። እንዲያውም አንድ ጊዜ የአንዲት ሴትዮ በር የእሱን መምጣት ሰምቶ፣ ገና ደረጃው ላይ እያለ በገዛ ፈቃዱ ተከፈተ አሉ። ያወራልኝ ራሱ ቁልፌ ስለሆነ ግማሹን ቀንሳችሁ እመኑ። ሩቡም ይበቃል።

ሱቁ ከደረጃ ሥር የተሸጎጠች ናት። አንድ ሰው ቆሞባት ሌላው ማስነጠስ ካማረው ውጭ ወጥቶ ነው። ግድግዳዋ ሙሉ መክፈቻ ተሰቅሎበታል። ከጀርባዋ ባለችው ክፍል ቁልፌ ብቻውን ይኖራል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። ብርጭቆው ቢሰበር ሻይ የሚጠጣው በእፍኙ ነው። ሱቁን ሲዘጋ መክፈቻዎቹን "ደህና እደሩ" ይላቸዋል። የሰፈሩ ቤት ሁሉ መክፈቻ እዚያ ግድግዳ ላይ አለ። እሱን ግባ የሚለው ቤት ግን የእህቱ ብቻ ነበር።

ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችውም እሷ ናት። እሁድ እሁድ ለምሳ ትጠራዋለች። ቁልፌም ይሄዳል። ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ፎቁን ወጥቶ በሩ ጋ ይደርሳል። ከውስጥ ሳቅ ይሰማዋል። ባሏ መምህር ነው፤ ወዳጆቹም ፊደል ጠግበው ያደሩ ናቸው። ቁልፌ ደግሞ ትምህርትን ገና በጠዋቱ ነው የተሰናበተው። እንዲያንኳኳ እጁን ያነሳል። "ገብቼስ ምን አወራለሁ? ወሬዬ ቢያልቅብኝስ?" ይላል። እጁ ይወርዳል። እሱም ኮቴው እንዳይሰማ በጣቱ እየረገጠ ይወርዳል። ብርቱካኑን ቤቱ ገብቶ ብቻውን ይልጣል።

በማግስቱ ይደውላል።

"እትዬ፣ ምን ሆኜ እንደቀረሁ ብነግርሽ አታምኚኝም!"

"እስቲ ሞክረኝ።"

"አውቶቡሱ ውስጥ ንብ ሰፈረ። ሹፌሩን ንግሥታችን ነህ ብለው መረጡት! ሰውየውም ሹመት አልጠላም፤ እኛን መንገድ ላይ ጥሎ ተከትሏቸው ሄደ።"

እህቱ ትስቃለች፤ መምህሩም ስልኩን ተቀብሎ "ድገመው" ይላል። ይደግመዋል። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል፤ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ያለው ሬዲዮው ብቻ ይሆናል። ስንት እሁድ እንዲህ አለፈ። ንቡም አረጀ፣ ሳቁም ሳሳ። በመጨረሻ "ድልድዩን ለእጥበት ወስደውት ነበር" ሲላት እህቱ ጭራሽ አልሳቀችም።

"ጥሩ። ከእንግዲህ አልጠራህም" አለችው። "አንተም ውሸት ከመፍጠር ታርፋለህ።"

ስልኩ ተዘጋ።

ቁልፌ የድልድዩን ነገር ለመክፈቻዎቹ ነገራቸው። አንዷም አላቃጨለች። ያን ሳምንት ከሰው የሰማው ወሬ "ስንት ነው?" እና "መቼ ይደርሳል?" ብቻ ነው። የምትጠራው አንዲት ሰው ነበረችው፤ እሷንም በገዛ ምላሱ ቆለፈባት። የሰው በር ሲከፍት የኖረ ሰው የራሱን እንዲህ ሲጠረቅም አይቼ አላውቅም።

እሁድ ደረሰ። ፀጉሩን አላስተኛም፤ የት ሊሄድ? ቆሞ ደረቅ ዳቦ ሲያኝክ ስልኩ ጮኸ።

"በሩ አልከፈት ብሎናል" አለች እህቱ። "እኔም መምህሩም ተቆልፎብናል። ሥራ ነው የምሰጥህ፤ ምሳ አይደለም።"

ለሥራማ ቁልፌ ፈርቶ አያውቅም። የዕቃ ሳጥኑን ይዞ በረረ፤ እንዲያውም በመንገድ አንድ አምቡላንስ ቀድሟል ይላል። በሩ ጋ ተንበርክኮ በቁልፉ ቀዳዳ አየ። ወረንጦውን ሰደደና ስብርባሪ እንጨት ጎተተ። ጫፏ ቀይ ነው።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ክብሪት ነው።"

"እንጃ። አይጥ ትሆናለች።" ድምጿ ከበሩ ማዶ እዚሁ አፍንጫው ሥር ነው።

"አይጥ ክብሪት ሰብራ ቁልፍ ውስጥ ትከታለች?"

"ያንተ ንብ ሹፌር ከሾመች የኔ አይጥ ምን ያቅታታል?"

ቁልፌ ሳቁ አመለጠው። ክብሪት ቁልፍ ውስጥ መሰግሰግ የልጅነቱ ተንኮል ነበር፤ የጎረቤቱን በር ሁሉ ደፍኖ፣ እህቱ እየቆነጠጠች ስታስፈለቅቀው ነው ሙያውን የተማረው። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

"ባለፈው እሁድ ብርቱካን ይዘህ መጥተሃል" አለች። "ከዚያ በፊትም። በመስኮት አይሃለሁ። ወደ ፎቁ ትገባለህ፤ ትንሽ ቆይተህ አንገትህን ደፍተህ ትወጣለህ።"

"እሱማ እኔን የሚመስል ሰውዬ አለ፣ ብርቱካን..." ብሎ ጀመረ። ውሸቷን ግን መሃል ላይ ተዋት።

"ፈርቼ ነው" አለ።

"ምኑን? እኔን?"

"ወሬዬ ያልቅብኛል እትዬ። ካለቀ ዝም እላለሁ። ዝም ያለ ሰው ደግሞ ገበታ ላይ ምን ያደርጋል?"

"ይበላላ! እኔ ያሳደግኩት ልጅ እኮ ቀኑን ሙሉ ቃል የማይተነፍስ ነበር። ወሬኛውን ከየት እንዳመጣኸው አላውቅም። ደግ ነው፣ ያስቀኛል። የናፈቀኝ ግን ያኛው ነው።"

ቁልፌ ግንባሩን በሩ ላይ አስደገፈ። የመጨረሻዋን ስባሪ አወጣ።

"ተፈቷል። ከውስጥ ክፈቺው።"

"አልከፍትም። አንኳኳ።"

ይህን በር በሽቦ ቢከፍተው ከማስነጠስ አይረዝምም። ማንኳኳት ግን የሞት ያህል ከበደው። እግሩ እንደለመደው ወደ ደረጃው ዞረ፤ እንዲያውም ሁለት ደረጃ ወርዷል። እዚያ ቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ራሱን ይሰድብ ነበር፤ ስድቡ ነው ገፍቶ እቤቱ የሚያደርሰው። አሁን ግን "በቃ ፈሪ ነኝ" አለ ለብቻው። "ዝምተኛም ነኝ። ይሁን። ፈሪም ምሳ ይበላል።"

ተመለሰና አንኳኳ።

እህቱ ከፍታ ጉንጩን ሳመችው፤ ጆሮውንም በዚያው ቆነጠጠችው። መምህሩ ገበታው ላይ ሆኖ ወንበር ሳበለት። "እህ፣ ዛሬስ በመንገድ ምን ገጠመህ?" አለ፣ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ።

ቁልፌ አምቡላንሱን አሰበ። አፉ ድረስ መጥቶ ነበር።

"ምንም" አለ። "ዝም ብዬ መጣሁ።"

ጣሪያው ይወርዳል ብሎ ጠበቀ። አልወረደም። መምህሩ "እንኳን መጣህ" ብሎ ዳቦውን አቀበለው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንም ምንም አልተናገረም፤ የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ነበር። ቁልፌም እህቱ እንዳለችው በላ።

ሲመሽ እዚያችው ክፍሉ ገባ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ። ብቸኝነቱ በሩ ላይ ተቀበለው፤ እንደ ድመት የትም አልሄደም። መክፈቻዎቹን ደህና እደሩ አላቸው። ሌላ ጊዜ ሲያወራለት የሚያድረውን ሬዲዮ ግን ሳይከፍተው ተኛ።