ገበያነሽ ጋ ወራጅ አለ

ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ ባለው መስመር ለምትኖሩ ወገኖች በሙሉ፦ ጡረተኛው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ አቶ ባምላኩ ይርዳው ዛሬ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ የሰውን ልጅ ዕውቀት በአምስት ዓረፍተ ነገር ማሳደጋቸውን ስንገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማናል። የሰው ልጅ ዕውቀት በዚህ ከፍታ ላይ የቆየው ለአሥራ አንድ ደቂቃ ነው።

"ጋሼ፣ ጠፋ" አለች ኤቢሴ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ አንገቷን አስግጋ።

"መብራቱ?"

"ጽሑፍዎ።"

አቶ ባምላኩ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ። እውነትም የለም። ፈሀድ የሚባል ሰው ሰርዞ አንዲት መልእክት ትቶላቸዋል፦ "ሰላም ባምላኩ። ምንጭ ስላልጠቀስክ አንስቼዋለሁ። ጀማሪ ስለሆንክ መመሪያውን አንብብ።"

"አንተ ይለኛል እንዴ?"

"እዚያ ላይ ሁሉም አንተ ነው፣ ጋሼ። ዕድሜ አይታይም።"

"ስሜ ይታየው የለ? ባምላኩ የሚባል ሕፃን የት አይቶ ነው?"

ኤቢሴ ከሆለታ መጥታ ቤቴል አጠገብ ይህችን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈተች ስምንት ወሯ ነው። አቶ ባምላኩ መጀመሪያ የመጡት መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ ነበር። ከዚያ ያንኑ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ አራት ጊዜ ተመለሱ። በአምስተኛው ወንበር ሰጠቻቸው። አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ዊኪፒዲያን አሳየቻቸው፤ ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም ገብቶ የሚያርመው የዕውቀት መዝገብ መሆኑንም ነገረቻቸው። አቶ ባምላኩ "ማንም?" ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው በር ሲያንኳኩ የኖሩ ናቸው። የማን ውሻ እንደሚነክስ፣ የማን ቆጣሪ ከጎመን መደቡ ሥር እንደተቀበረ በቃላቸው ያውቃሉ። ጡረታ ሲወጡ የሚያንኳኩት በር አጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ሚስታቸው ገበያነሽ ሞተች። ልጅ አልወለዱም። ቤት ውስጥ አሁን የሚያናግራቸው ሬዲዮ ነው፤ እሱም ቢሆን መልስ አይጠብቅም። ይህን ሁሉ ለኤቢሴ ነግረዋት አያውቁም።

ሠፈሩ ግን ገበያነሽን ያውቃት ነበር። የተሰረዙት አምስት ዓረፍተ ነገሮች የሚሉት ይህንኑ ነው፦

"ገበያነሽ በአዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኝ የታክሲ ፌርማታ ነው። ስሙን ያገኘው መታጠፊያው ላይ ቆሎ ትሸጥ ከነበረች ሴት ነው። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ኮብልስቶን ሳይነጠፍለት በፊት፣ ክረምት ክረምት ሰው ጭቃ የጠገበ ቦቲውን እሷ ጋ አስቀምጦ፣ ንጹሕ ጫማ አድርጎ በታክሲ ወደ ሥራው ይሄድ ነበር። ሲመለስ ቦቲውን ታጥቦ ያገኘዋል። አንድም ቀን የሰው ጫማ አሳስታ አታውቅም።"

አሁን መታጠፊያው ላይ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት አቶ ባምላኩ ታክሲ ውስጥ "ገበያነሽ ጋ ወራጅ አለ" ሲሉ ረዳቱ ዞር ብሎ አያቸው። "የት ነው እሱ፣ ፋዘር?" አለ። "መታጠፊያው" ከማለታቸው በፊት መታጠፊያው አለፈ። "መስታወቱ ጋ አይሉም እንዴ?" ብሎ ሁለት ፌርማታ አሳልፎ አወረዳቸው። በእግራቸው ሲመለሱ፣ ሚስታቸው ገና አሁን ለሁለተኛ ጊዜ የሞተች መሰላቸው።

"ምንጭ ማለት ምንድን ነው?" አሉ ኤቢሴን።

"ማስረጃ ነው፣ ጋሼ።"

"ማስረጃ ነው እንዴ? ታዲያ እንደሱ አይልም?"

ማስረጃማ ያውቃሉ። ከምሳ በፊት ወረቀት አስጽፈው ወጡ። ሦስት ምስክር፣ ፊርማ፣ ማኅተም። የመጀመሪያው በር የወይዘሮ ሃፊዛ ነበር።

"ጋሽ ባምላኩ? ደግሞ ቆጣሪ ማንበብ ጀመሩ?"

"ለፊርማ ነው።"

ሃፊዛ ወረቀቱን ጮክ ብላ አነበበችው፦ "እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው ነዋሪዎች ቦቲያችንን ገበያነሽ ጋ እናስቀምጥ እንደነበር እናረጋግጣለን።" ከወረቀቱ ቀና አለች። "የእኔ ቀዩ ነበር። ቦቲ የምትደረድርበት ጆንያ ላይ፣ ከዳር። ለማን ነው ይሄ?"

"ለዓለም።"

"ዓለም ማኅተም ይፈልጋል?"

"የማይፈልግ አለ?"

ፈረመች። እንዲቀመጡም ለመነቻቸው፤ ተቀመጡ። ሌላ ሁለት በር አንኳኩ። የመጨረሻው የእድሩ ጸሐፊ የአቶ ቀጄላ ነበር። አቶ ቀጄላ ፈርመው ማኅተሙን ከኮታቸው ኪስ አወጡ፣ እፍ አሉበት፣ በሙሉ ክብደታቸው ወረቀቱ ላይ ተጫኑት። አቶ ባምላኩ ከሰው ጋር እንዲህ ብዙ ካወሩ ምን ያህል ጊዜ እንደሆናቸው ሊያስታውሱ ሞከሩና ተዉት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኤቢሴ ወረቀቱን ስካን አድርጋ፣ ጻፊው ጡረታ የወጡ ሰው መሆናቸውን ጨምራ ለፈሀድ ላከችላቸው። ጽሑፉንም መልሰው ለጠፉ። አቶ ባምላኩ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም።

"ሲያፈጡበት አይፈጥንም እኮ፣ ጋሼ።"

"ቆጣሪም እንደሱ ነው" አሉና ማፍጠጣቸውን ቀጠሉ።

መልሱ መጣ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አቶ ባምላኩ፤ ትልቅ ሰው መሆንዎን አላወቅሁም። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማኅተም ያለው ምንጭ ሲቀርብልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ግን ልቀበለው አልችልም። ታትሞ የወጣ ነገር መሆን አለበት።"

"ሦስት ጊዜ አነበበው" አሉ አቶ ባምላኩ።

"አልቀበልም ነው የሚለው እኮ።"

"ገባኝ። ሦስት ጊዜ ግን አነበበው።"

ኤቢሴ ወንበሯን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ደንበኛ መጥቶ "ኮፒ አለ?" ሲል "ቀለም አልቋል" አለችው። ሳያልቅ። ኢንተርኔቱን ስትበረብር፣ ስትበረብር፣ ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ የታክሲ ታሪፍ ዝርዝር አገኘች። ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከላይ ሰባተኛው መስመር፦ አየር ጤና – ገበያነሽ።

አቶ ባምላኩ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። ኤቢሴ ስክሪን አይነካም ልትል አስባ ተወችው።

ፈሀድ ይሄኛውን ተቀበለ። "የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምንጭ አግኝቷል። ስለ ሴትየዋ የሚሉትን አራቱንም አላነሣቸውም፤ 'ምንጭ ያስፈልጋል' ብዬ ምልክት አደርግባቸዋለሁ፣ ሌላ ሰው ምንጭ ያገኝ ይሆናል። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሰው ስለ ራሱ ዘመድ ከጻፈ ማንሣት ግዴታዬ ነው። ከሴትየዋ ጋር ዝምድና አለዎት?"

ኤቢሴ ሳቀች። "የለኝም ይበሉትና ይለፍ። አገኘን በቃ።"

አቶ ባምላኩ የፈሀድን ጥያቄ እንደገና አነበቡት።

"የለዎትም አይደል?"

አቶ ባምላኩ በአንድ ጣታቸው፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለጉ፣ "የለ" ብለው ጻፉ። "ኝም" ቀርቷታል። ውጭ አንድ ረዳት "መስታወት፣ ዓለም ባንክ፣ ሁለት ሰው" እያለ ይጣራል። አቶ ባምላኩ "ለ"ን አጠፏት። "የ"ንም አጠፏት።

ቀጥለው ጽሑፉን ከፈቱ። ማውሱን ይዘው፣ ኤቢሴ ባስተማረቻቸው መሠረት፣ "ስሙን ያገኘው" ከሚለው እስከ መጨረሻው ድረስ ጎተቱት። ቆሎው፣ ጭቃው፣ ቦቲው ሁሉ ሰማያዊ ለበሰ። የማጥፊያውን ቁልፍ ነክተው አጠፉት። አንድ ዓረፍተ ነገር ቀረ፦ ገበያነሽ የታክሲ ፌርማታ ነው። ገጹ "ለምን ለወጡት?" ብሎ ባዶ ሳጥን አቀረበላቸው። ባዶውን እንዳለ አስቀመጡት።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉ? ይተዋቸው ነበር እኮ።"

"አዎ፣ ይተዋቸው ነበር።"

"ታዲያ ቀኑን ሙሉ የለፋነው? ሦስት ሰው አስፈርመው?"

"ስሟ አለ። ይበቃል።"

"የማን ስም?"

አቶ ባምላኩ ኮፍያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ቆሙ። ስክሪኑ ላይ የፈሀድ አዲስ መልእክት መጣ፤ ለምን እንዳጠፉት ይጠይቃል።

"ምን ልበለው?" አለች ኤቢሴ።

"ምንም አትበይው።"

"እሺ። ለእኔስ?"

"ላንቺም አልናገርም።"