የእድሩ ወንበሮች

ትምህርት ቤቱ ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ሠፈሩም ለሁለት ተከፈለ። በዚህ በባዕድ አገር ባለው የሐበሻ ሠፈር ድሮ አዲስ ቤተሰብ ሲመጣ የሚጠየቀው ከወዴት እንደመጣና ማን ዘንድ እንዳረፈ ነበር። አሁን ግን ገና ዕቃው ከመኪና ሳይወርድ «ልጆቻቸው የላይ ናቸው የታች?» ይባላል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የተማሪው ቁጥር ቀንሷል ብሎ የሠፈሩን ትምህርት ቤት የላይኛውን ፎቅ ለአንድ ቻርተር ትምህርት ቤት ሰጠ። ቻርተሩም እንደ ታችኛው የመንግሥት ነው፣ ክፍያ አይጠይቅም፤ ግን በራሱ ቦርድ ይተዳደራል፣ መምህሩን ራሱ ይቀጥራል፣ ደንቡን ራሱ ያወጣል። ልጆቹ ሰማያዊ ሹራብ ይለብሳሉ። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ደወል ይደወል ጀመር። የመጫወቻው ሜዳ መሐል ለመሐል ቢጫ መስመር ተሰመረበት። ቤተ መጻሕፍቱ ከምሳ በኋላ የላዮቹ ሆነ፤ የታቾቹ የንባብ ክፍል ደግሞ ለሌላ ተፈልጎ ልጆቹ ኮሪደር ላይ ወጡ። ጠዋት ጠዋት በማያባራው ካፊያ ውስጥ መኪና ፓርክ ለማድረግ የሚደረገው ግብግብ፣ አበልጅ የተባባሉትን፣ ኢድን በአንድ ትሪ የበሉትን ሰዎች ያላትም ጀመር።

ጥሩብርሃን የታች ናት። ልጇ ኖላዊት አምስተኛ ክፍል ነች፤ ኮሪደር ላይ ጃኬቷን ሳታወልቅ ከሚያነቡት አንዷ። ጥሩብርሃን ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። ነገር አታበዛም፤ ከተናገረች ግን ቃሏ ይያዝላታል። ባሏ ሥዩም ካረፈ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስሙ ሲነሣ ጨዋታ ትለውጣለች። ሰውም ይህን ስለሚያውቅ አያነሣባትም።

እድሩን ያቋቋመው ሥዩም ነበር። የከተማ አውቶቡስ ስለሚነዳ የማያውቀው ሰው አልነበረም፤ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም እየጎተተ አንድ እድር ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት የሚዘረጉትን ታጣፊ ወንበሮች አሰባስቦ፣ ከመቀመጫቸው ሥር በነጭ ቀለም ቁጥር የጻፈባቸውም እሱ። ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሮ ወንበሮቹ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ሥር እንዲቀመጡ አስፈቀደ፤ እድሩም በበኩሉ ለትምህርት ቤቱ ምርቃትና በዓል ያውሳል። ሥዩም ሲሞት ለራሱ ለቅሶ ወንበሩ ከዚያው ወጣ። ከዚያ ወዲህ የእድሩ ንብረት ያዥ ጥሩብርሃን ሆነች።

ጀውሃራ የደሴ ልጅ ናት። ቤቷ ከጥሩብርሃን ቤት ጎን ነው፤ በመካከላቸው አጥር እንኳ የለም። በሥዩም ለቅሶ ሰሞን ሥራዋን ትታ ከጥሩብርሃን አጠገብ ያልተነሣች፣ ኖላዊትን ከራሷ ልጆች ከዒምራንና ከኢክራ ጋር ያሳደረች እሷ ናት። ይህችው ጀውሃራ በመስከረም ሁለቱንም ልጆቿን ወደ ላይ አወጣች።

«ዒምራን ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አያነብም ነበር፤ አንቺ ታውቂያለሽ» አለቻት አንድ ቀን። «አሁን የወተቱን ካርቶን ሳይቀር ያነብልኛል። እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ?»

ጥሩብርሃን እውነት መሆኑን ታውቃለች። ኖላዊት ኮሪደር ላይ መቀመጧም እውነት ነው። ሁለቱን እውነት በአንድ አፍ እንዴት እንደሚናገሩት ስላላወቀች ዝም አለች፤ ዝምታውም በመካከላቸው ሰነበተ።

የካቲት ላይ እድሩ ሲሰበሰብ ጀውሃራ እጇን አወጣች።

«ሶ፣ የፊታችን ዓርብ ላይ የልጆች ፕሮግራም አለ። ወንበር አንሶናል። እዚያው ደረጃ ሥር ያሉትን ብንጠቀም ብዬ ነው።»

«ክፍሉን ወሰዳችሁ፣ ሜዳውን ወሰዳችሁ» አለ ዓምደ ሚካኤል፤ ታክሲ ነጂ ነው፣ ከታቾቹ አባቶች ሁሉ አፉ የሚፈጥነው። «አሁን ደግሞ መቀመጫችንን? ቆመን እንቅር?»

የታቾቹ ሳቁ። የላዮቹ አጉረመረሙ። የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ተክለ ጻድቅ፣ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው፣ «ንብረት ያዥዋ ትናገር» አሉ።

ጥሩብርሃን ተነሣች። የኖላዊት ጃኬት ትዝ አላት።

«ወንበሮቹ የለቅሶ ናቸው» አለች። «ለሌላ አይወጡም።»

 ባለፈው ታኅሣሥ ለታቾቹ በዓል ወንበሩን ራሷ ቆጥራ እንዳስረከበች የማያውቅ አልነበረም።

«ለእናንተ ሲሆን የበዓል፣ ለእኛ ሲሆን የለቅሶ?» አለች ጀውሃራ። ድምጿ አልጮኸም። «አንቺ ነሽ ይህን የምትዪኝ፣ ጥሩዬ?»

ጥሩብርሃን መሬት መሬት አየች።

«ኦኬ። እንግዲያው ስሜን ሰርዙ። የላዮቹ የራሳችንን እድር እናቁም። ለቅሶውንም ለየብቻችን እናልቅሰው» ብላ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሁለት ሌሎች እናቶች ተከትለዋት ወጡ። ዓምደ ሚካኤል «እሰይ!» አለ፤ ያጀበው ግን አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ጥሩብርሃን ወንበሮቹን ከደረጃው ሥር አውጥታ ወደ ቤቷ ጋራዥ አመጣች። ሰው ለእልህ ነው አለ። እሷ ግን ስታስገባቸው እያንዳንዱን እየገለበጠች፣ ቁጥሩ እንዳልተፋቀ እያየች ነበር ያስገባችው። የላዮቹ ለብቻቸው ሊሰበሰቡ ቀን እንደቆረጡ ሰምታለች። ሥዩም ስንት ደጅ ጠንቶ የሰበሰበው ሰው በእሷ በአንዲት ቃል ሊበተን ነው። ይህን እያወቀች፣ ጥቂት እርምጃ ተራምዳ የጀውሃራን በር ማንኳኳት አልሆንላት አለ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከደሴ ስልክ ተደወለ። የጀውሃራ ወንድም ዓብዱረዛቅ ነው።

«ጥሩዬ፣ እናታችን ወደ አኼራ ሄዱ» አላት። «ሌሊቱን ነው። ፌስቡክ ላይ ማንም እንዳይለጥፍ ዘመዱን ሁሉ አስምያለሁ። ጀውሃራ በስልክ አትስማ። እህቷ አንቺ ነሽ፤ እንደ ወጉ አርዷት።»

መጣላታቸውን አልሰማም። ጥሩብርሃንም አልነገረችው። «እሺ» ብቻ አለችው።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ብቻውን ሳለም አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ፣ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ወዳጅ ዘመድ ብዙ ሆኖ ሄዶ ያረዳል፤ የሚወድቀውን የሚይዝ ክንድ እንዳይጠፋ ነው። የጀውሃራ ባል ከኬንት ከተማ መጋዘኖች ዕቃ የሚጭን የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበር፤ አቶ ተክለ ጻድቅ ኮል አድርገው እንዲመለስ ነገሩት። ከዚያ ለላዮቹም ለታቾቹም ደወሉ።

እሑድ ገና ሳይነጋ ሰዎች በጥሩብርሃን ጋራዥ ፊት ተሰበሰቡ። የላዮቹ በአንድ ወገን ቆሙ፣ የታቾቹ በሌላ። ዓምደ ሚካኤልም መጥቷል፤ እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም።

«ስሜን ሰርዙ ያለችው በጉባኤ ነው» አለ። «የወጣ ሰው ወጥቷል። እድር ሕግ አለው። የላዮቹ ያርዷት፣ ወንበርም እነሱ ይፈልጉላት።»

ከታቾቹ አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። አቶ ተክለ ጻድቅ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጥሩብርሃን የጋራዡን በር ወደ ላይ ገፋችው።

«ወንበሮቹ የለቅሶ ናቸው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። «ይኸው ለቅሶ።»

«እሱማ ልክ ነው፣ ግን...»

«ዓምደ ሚካኤል፣ ሥዩም የሞተ ዕለት እነዚህን ማን እንደዘረጋቸው ታስታውሳለህ?»

ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አያት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ስም ከአፏ የሰማ አልነበረም። ዓምደ ሚካኤል ያስታውሳል። ያን ዕለትም ይዘንብ ነበር፤ ወንበሩን ሁሉ ከደረጃው ሥር እያወጣች ስትጭን የነበረችው ጀውሃራ ናት፤ እሱ ሊያግዛት ሲል «አንተ ሂድና ከእሷ ጋር ተቀመጥ» ብላ ነበር የመለሰችው።

«ወንበሩን እሸከማለሁ» አለ በመጨረሻ። «ቤቷ ግን አልገባም።» በየእጁ ሁለት ሁለት ወንበር አንጠልጥሎ ወጣ።

ጥሩብርሃን ነጠላዋን በዝናብ ጃኬቷ ውስጥ ደብቃ የጀውሃራን በር አንኳኳች። አቶ ተክለ ጻድቅ ከጎኗ ቆሙ፤ ሌላው ከኋላ።

ጀውሃራ በሩን ከፍታ ሁሉንም አየች። ሻርፗን ሳብ አድርጋ ራሷ ላይ አስተካከለች።

«ገና በጠዋቱ ሽማግሌ ይዘሽ መጣሽ?» አለች።

ጥሩብርሃን ወደ አቶ ተክለ ጻድቅ አየች።

«ጋሼ ተክለ ጻድቅ፣ አንቱን አከብራለሁ» አለች ጀውሃራ። «ግን አልመለስም። ልጆቼንም አላወርድም። በገዛ ሠፈሬ እንደ ሌባ ታየሁ እኮ! ልጄ ማንበብ ስለቻለ ነው የምጠላው? ከፈለጋችሁ ያን ቢጫ መስመራችሁን አምጡና በሬ ላይ አስምሩት!» ወደ ጥሩብርሃን ዞረች። «አንቺስ? በሰው ፊት ዋሽተሽ አዋረድሽኝ። አሁን ይቅርታ ለመጠየቅ ይህ ሁሉ ሰው ያስፈልግሻል? ብቻሽን መምጣት አቃተሽ? አጥር እንኳ የለንም እኮ!»

 ጥሩብርሃን ቃሉን አንድ በአንድ ተቀበለችው። ልታቋርጣት ትችል ነበር፤ ግን ካቋረጠቻት የምትነግራት ያንን ነው። ይቺን ያህል ጊዜ እንኳ እናቷ በሕይወት ይቆዩላት ብላ ቆመች።

ጀውሃራ መልስ ጠበቀች። ዓይኗ በሰዎቹ ላይ ሲዞር ታክሲው አጠገብ ዓምደ ሚካኤልን አገኘው።

«አንተም ዝም አልክ?» አለች። «አንተ?»

ዓምደ ሚካኤል አንገቱን ደፋ። ያኔ ነው በእጁ የያዘውን ያየችው። ከወንበሮቹ ወደ ጥሩብርሃን ተመለሰች፤ ከጃኬቷ ሥር ብቅ ያለውን የነጠላዋን ጫፍ አየች።

«ማን ነው?» አለች፤ ድምጿ የልጅ ሆኖ። «ጥሩዬ፣ ማን ነው?»

«እማ ሰሃርላ» አለች ጥሩብርሃን።

ጀውሃራ ደጃፉ ላይ ስትንበረከክ ጥሩብርሃን አብራ ወረደች። ከኋላቸው የላዮቹም የታቾቹም ጩኸት አንድ ላይ ተነሣ። ጥሩብርሃን አጽናኝ የሚለውን ሁሉ ታውቃለች፤ ብዙ ሰው ብሏታል። አንዱንም አላለችም። የጀውሃራን ራስ ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ዝናቡ እስኪያርሳቸው ያዘቻት።

ለቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጠ። ቁርኣን ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ፤ አቶ ተክለ ጻድቅም በየመሐሉ «ነፍስ ይማር» አሉ። የላዮቹ በመስኮቱ በኩል፣ የታቾቹ በግድግዳው በኩል ተቀመጡ፤ ምንጣፉ መካከል ቢጫ መስመር ያለ ይመስል ነበር። የቻርተሩ ርእሰ መምህር አበባ ይዛ መጥታ፣ ወጉን ስለማታውቅ ሄዳ ከታቾቹ መካከል ተቀመጠች። ሴቶቹ ተያዩ፤ ከዚያ አንዷ ጠጋ አለችላት። ዓምደ ሚካኤል እንዳለው አልገባም። በየቀኑ ግን የታሸገ ውሃ እያመጣ ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሲሳሳ ሁለቱ ጎን ለጎን ቀሩ።

«ያን ሁሉ ስናገር ቆመሽ ሰማሽኝ» አለች ጀውሃራ።

«ሰማሁ።»

«እውነቴን ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ወንበሩን መከልከል አልነበረብኝም።»

«ልጆቼን አላወርድም።»

«አውርጂ አላልኩሽም። የኔ ልጅ ግን ኮሪደር ላይ ናት።»

ጀውሃራ ሻርፗን ጠቀለለች፣ ፈታች። «አውቃለሁ» አለች።

 

ሰዎቹ ወንበሩን ማጠፍ ሲጀምሩ ዓምደ ሚካኤል ዝናብ እንዳይነካቸው መኪናውን ወደ ኋላ አስጠግቶ ወደ ጥሩብርሃን ጋራዥ ሊጭን ተዘጋጀ።

«አትጫን» አለችው ጥሩብርሃን። «እዚሁ ጋራዥ ይቀመጡ። ንብረቱን ጀውሃራ ትያዝ።»

«ስሟ ተሰርዟል እኮ!»

«ማን ሰረዘው?» አሉ አቶ ተክለ ጻድቅ። «እኔ እስክሪብቶ አልያዝኩም።»

ዓምደ ሚካኤል የመኪናውን በር ጓ አድርጎ ዘጋው። «እና እኔ ስሞት ወንበር የሚለመነው ከላዮቹ ደጅ ነው?»

«አንተ መጀመሪያ ሙት» አለች ጀውሃራ ከውስጥ፣ በዘጋ ድምጿ። «ከዚያ እናስብበታለን።»

በሦስቱ ቀን ውስጥ ያልተሰማ ሳቅ ከሁለቱም ወገን አመለጠ፤ ወዲያው ደግሞ ነውር እንዳደረገ ሰው ሁሉም ወደ ማጠፉ ተመለሰ። ዓምደ ሚካኤል አልሳቀም። ቆይቶ ግን ሁለት ወንበር አንሥቶ፣ በቤቱ በር ሳይሆን በጎን በጋራዡ በኩል ገባ።

የላዮቹ ለብቻቸው ሊሰበሰቡ የቆረጡት ቀን ገና አልተሰረዘም ነበር። እንግዲህ ይሰበሰቡም እንደሆን፣ አይሰበሰቡም እንደሆን፣ የሚቀጥለው ሞት ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ወንበር ፈላጊው የጀውሃራን በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

በማግሥቱ ጠዋት ሁለቱ ደወሎች በየተራ ተደወሉ። ዒምራንና ኢክራ ሰማያዊ ሹራባቸውን ለብሰው ደረጃውን ወጡ። ኖላዊት ጃኬቷን ሳታወልቅ ወደ ኮሪደሯ ገባች።

ጥሩብርሃን ወደ ቤት ተመልሳ ጋራዡን ከፈተችው። ባዶ ነበር፤ መኪናዋ አሁን ይገባበታል። ጥቂት ቆማ የሥዩም ወንበሮች የነበሩበትን ቦታ አየችና በሩን መልሳ ዘጋችው። መኪናዋን ዝናቡ ላይ ተወችው።