ሁለት ደቂቃ በበረኪና

ልጃችን ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች ሁለት ወር ሆናት። በየቀኑ ትደውላለች። «አባዬ፣ ዓሦቹ ደህና ናቸው?» ትላለች መጀመሪያ። የእኔ ወገብና የእናቷ ደም ግፊት ተራ የሚደርሳቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ጊዜ ካላት። ሃያ ስድስት ዓመት አሳድጌ ከአራት ዓሣ በታች መሆኔ አንጀቴን ያሳርረኝ ነበር።

«አራቱም ደህና ናቸው!» እላለሁ አፌን ሞልቼ። አራት አልነበሩም። አንድ ነበር።

በሄደች በሦስተኛው ቀን፣ ደስ ይበላት ብዬ፣ ከዓሣ ሻጩ አንድ እስር የውሃ ተክል ገዛሁና እንዳለ የዓሦቹ ገንዳ ውስጥ ከተትኩት። ሣር ምን ያመጣል? በሳምንቱ ዓሦቹ ላይ ጨው የተነሰነሰባቸው የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣ፤ ሦስቱ ተራ በተራ ሞቱ። የተረፈው ያ ሆዱ ትልቁ፣ ቀኑን ሙሉ አፉን እየከፈተ ምንም የማይናገረው ነው። ልጄ ሊቀመንበሩ ትለዋለች። መድኃኒት ቤት ቆሜ ለአርባ ዓመት «እጃችሁን ሳትታጠቡ እንዳትነኩ» ስል የኖርኩ ሰው፣ ያችን ሣር ማጠብ አቃተኝ።

ከዚያ ልጄ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች። ጉዴ ፈላ።

«ገንዳውን በተክል ጥቅጥቅ እናድርገው» አልኳት ባለቤቴን። «ሦስቱ ከኋላ ተደብቀዋል እንላለን።» ባለቤቴ የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ናት፤ ዕድሜዋን መቀስና ቢላዋ ስትቀቅል ነው የኖረችው። በውሸቱ ተስማማች፤ የተጨነቀችው በንጽህናው ነው። «ይህንንም ሳታጥብ ከትተህ ሊቀመንበሩን ብትገድለው፣ ለልጅህ አንተው ትነግራታለህ» አለችኝ።

ሐሙስ አዲሱን ተክል አመጣሁ። ጀርሙን እንዲገድል አንድ እጅ በረኪና በአሥራ ዘጠኝ እጅ ውሃ፣ በመለኪያ ብርጭቆዬ ለካሁ። ሰዓቴን አውልቄ ፊቴ አስቀመጥኩና ልክ ሁለት ደቂቃ ነከርኩት። በሦስት ውሃ አለቀለቅኩት፤ ክሎሪን የሚያጠፋውን ጠብታ ጨምሬ ባልዲ ውስጥ ተውኩትና ጸጉሬን ልስተካከል ወጣሁ። አርብ ጠዋት ተከልኩት። ገንዳው ጫካ ሆነ፤ በራሴ ኮራሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጫካው የለም። ቅጠሉ ሁሉ ነጥቶ እንደ ረጠበ ሶፍት ተልፈስፍሷል።

«በረኪናውን አብዝተኸዋል!» አለች ባለቤቴ።

«ኧረ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የነከርኩት።»

ባልዲውን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ለመሆኑ አንተም ነክረኸው ነበር?»

«አንተም ማለት?»

«ጸጉርህን ልትስተካከል ስትወጣ ነዋ! አንተን ማን ያምናል? በራሴ እጅ ላድርገው ብዬ ሁለት ደቂቃ ነከርኩት። ከዚያ ደግሞ ተጠራጠርኩና ትንሽ ጨመርኩበት።»

በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን ሳንመካከር አንድ ዓይነት ነገር ስናደርግ ይህ የመጀመሪያችን ነው። ይህን እያሰብኩ በሩ ተንኳኳ።

ልጄ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደች። እኛ እንደ ተከሳሽ ከኋላዋ ቆምን። ሊቀመንበሩ መሀል ላይ ብቻውን አፉን ከፈተ። «ሦስቱስ?» አለች። እኔም አፌን ከፈትኩ፤ እኔም ምንም አልወጣኝም።

ወንበር ስባ ተቀመጠችና አለቀሰች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች። «ልሄድ ስል፣ ቤቱ ጭር እንዳይልባችሁ ብዬ አንድ ተክል ሳላጥብ ከተትኩ። ትዝ ያለኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። በየቀኑ ስጠይቅህ የነበረው ለዚህ ነው፤ መናገሩ አሳፈረኝ።»

እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ለሦስት ሰከንድ ያህል በጣም ደስ አለኝ። ዝም ብል ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ሊቀር ነው። ባለቤቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ከዚያ የልጄ አገጭ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አራት ዓመቷ ሳለ ስታለቅስ ያደርጋት እንደነበረው።

«የኔ ልጅ፣ እኔም ከትቻለሁ» አልኳት። «በሦስተኛው ቀን። ሳላጥብ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ገንዳው ውስጥ የተልፈሰፈሰውን ነጭ ነገር አየች።

«ይሄስ?»

«ይሄማ ታጥቧል» አለች እናቷ። «በደንብ ታጥቧል።»

ሦስታችንም ሳቅን፤ ልጄ እያለቀሰች ጭምር።

እሁድ ተመለሰች፤ ሰኞ ደወለች። «አባዬ፣ ወገብህን እንዴት አደረገህ?» አለችኝ መጀመሪያ። ሁለት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ወገቤን በአንድ እጄ ይዤ ወደ ገንዳው ዞርኩ።

«ሊቀመንበሩ ደህና ነው» አልኳት።