ወጥ ቤት የሚወድ ትራክተር

የኛ ትራክተር ፍሬን ሲያዝ አይቆምም፤ ወደ ወጥ ቤት ይታጠፋል። መጀመሪያ የእማዬን የማገዶ ክምር ደረመሰ። ቀጥሎ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ገጭቶ ድስቶቹን ከመደርደሪያ አወረዳቸው። አባዬ መሪውን እንደያዘ፣ «ምንም አልሆነም!» አለ። ግድግዳው ላይ የእኔን ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል፤ እማዬ በቀዳዳው እያየችው ነው።

«አንድ ቃል እንዳትናገረኝ» አለችው።

እማዬ በዚያ ሰሞን ሁለት ጠላት ነበራት። አንዱ ትራክተሩ ነው። ሌላው የምግብ ዘይቷን የሚሰርቅባት ሰው። ጠርሙሱ ማታ ሙሉ ሆኖ ያድራል፣ ጠዋት ጎድሎ ይገኛል። ተጠርጣሪዋ እኔ ነኝ፤ ፀጉሬ ያብረቀርቃላ!

«የሱቅ ቅባት ነው እማዬ፣ ሙች!»

«የሱቅ ቅባት እንዲህ አያወዛም። ስሚኝ፤ ዘይቴን የነካ ሰው የዘንድሮው ዘር መሬት እስኪገባ ድረስ መሪ አይጨብጥም። አለቀ!»

ይህ ፍርድ ለእኔ የተሰፋ ነው። አባዬ ሜዳ ላይ ማርሽ አስተምሮኛል፤ ለዘንድሮ ዘር ትራክተሩን አንቺ ነሽ የምትነጂው ብሎ ምሎልኛል። እኔም የሰፈሩን ወንዶች ሰብስቤ «ታዩኛላችሁ» ብዬ ደንፍቻለሁ። አሁን ዘሩ ሊጀመር ነው፣ እኔ ግን ድስት ላጥብ ነው። አባዬን ዞር ብዬ ሳየው ጫማውን ያያል። ያዘነልኝ መሰለኝ፤ የኔ ነገር!

ትራክተሩ እኮ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፍሬን ሲያዝ ይጮኻል እንጂ በልኩ ይቆማል። ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤታችን ባለወፍጮው በአጥሩ ላይ አንገቱን ያወጣና፣ «ምነው ጎረቤት፣ ትራክተርህን ምጥ ያዘው እንዴ?» ይላል። አባዬ ይንገበገባል። ከዚያ አንድ ቀን ጩኸቱ ጠፋ። አባዬ ባለወፍጮው ዝምታውን እንዲሰማለት በአጥሩ በኩል ሁለቴ አለፈ። በሦስተኛው ማገዶው ላይ ወጣ።

አጎቴ ለምርመራ መጣ። «እኔ አውቶቡስ በምነዳበት ዘመን» ብሎ ነው ነገር የሚጀምረው፤ አውቶቡሱ ላይ ግን ሥራው ሒሳብ መቀበል ነበር። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ንፋስ ነው» አለ። ንፋስ ተሞላ፤ ትራክተሩ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። «መሪው ነው» አለ። መሪው ጠብቆ ታሰረ፤ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። አጎቴ ራቅ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና፣ «ወጥ ቤቱ ነው እንጂ ያለቦታው የተሠራው» አለ።

እማዬ ይህን ስትሰማ መካኒክ ይጠራ አለች።

መካኒኩን ቡሎን እንለዋለን፤ ፈቶ ሲገጥም ሁልጊዜ አንድ ቡሎን ይተርፈዋልና። «ፋብሪካው አብዝቶት ነው» ይላል። በክሪክ አነሳ፣ የግራውን ጎማ አወለቀ፣ የፍሬኑን ታምቡር፣ ክቡን የብረት ሽፋን፣ ከፈተ። ውስጥ ያለውን ሸራ በጣቱ ዳሰሰና አሳየን፤ ጣቱ ያብለጨልጫል።

«ሸራው ዘይት ጠጥቷል። ከብረቱ ጋር እየታሸ መያዝ ሲገባው ያንሸራትታል። ቀኙ ይይዛል፣ ግራው አይይዝም፤ ስለዚህ ወደ ቀኝ ይታጠፋል።»

በቀኝ በኩል ወጥ ቤት ነው።

«ዘይቱ ከየት መጣ?» አለ አጎቴ፤ ‹ዘይት› ሲል እኔን እያየ ነው።

«ከማርሽ ቤት አምልጦ ነዋ! ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት ተበልቷል። ማርሽ ቤቱ በሙሉ መውረድ አለበት።»

«ልክ ነህ! እኔም ጠርጥሬ ነበር!» አለ አባዬ። በሕይወቱ እንዲህ ፈጥኖ ከሰው ጋር ተስማምቶ አያውቅም።

ቡሎን «እስከዚያ ሸራውን እሳት ላይ እናድርገው፣ የጠጣውን ይትፋ» ብሎ ከሰል አቀጣጠለ። ሸራው ጥቂት ቆይቶ መጨስ ጀመረ። አጎቴ አፍንጫውን ቀና አድርጎ፣ «ምሳ ደረሰ መሰለኝ» አለ። የጎረቤት ድመት መጣች። ባለወፍጮውም በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ «ምንድነው የምትጠብሱት? ድንች ነው?»

እማዬ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች። «ምድጃዬን እኮ አልለኮስኩም!» ከሰሉ ላይ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ታምቡሩን በጣቷ ጠረግ አድርጋ ምላሷ ላይ ነካ አደረገች።

«የኔ ዘይት ነው።»

«እትዬ፣ የማርሽ ዘይት ነው» አለ ቡሎን።

«የማርሽ ዘይትን ከዚህ ሰውዬ ሸሚዝ ላይ ሳጥብ ነው ያረጀሁት፤ ለኔ ነው የምትነግረኝ? ይህ የሱፍ ዘይት ነው!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ሰርቀሽ ሰርቀሽ ፍሬን ውስጥ ደበቅሽው?» አለኝ አጎቴ።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ያው... ይጮህ ነበር እኮ።»

«ማን?» አለች እማዬ።

«ፍሬኑ። ሰው አላገጠብኝ። ትንሽ ትንሽ፣ በዚህች በታምቡሩ ቀዳዳ...»

ቡሎን መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ፍሬን ዘይት አጠጡት?»

«ግራውን ብቻ ነው!» አለ አባዬ፣ ጥፋቱን በግማሽ የሚቀንስለት ይመስል። «ቀኙ አይጮህማ!»

እማዬ ጭልፋዋን ወደ አባዬ ቀሰረች። «ልጄን ሌባ ስላት ቆመህ ጫማህን ታያለህ?»

እኔ ይህን ጊዜ ጠብቄያለሁ። «እማዬ፣ ፍርዱ ምን ነበር? እስቲ ድገሚልኝ።»

«ዘይቴን የነካ ሰው፣ ዘሩ መሬት እስኪገባ መሪ አይጨብጥም።»

«እኔን ብለሽ አይደለም እኮ!» አለ አባዬ።

«ሰው ነው ያልኩት። ሰው አይደለህም?»

አዲስ ሸራ ተገጠመ። አንድ ቡሎን ተረፈ፤ ቡሎን ኪሱ ሊከተው ሲል እማዬ ጭልፋዋን ይዛ አጠገቡ ቆመች፣ ቦታው ወዲያው ተገኘ።

ከዚያ እኔ ወጣሁ። አባዬ ከኋላ እየሮጠ «ማርሽ ቀንሺ! ሁለቱንም የፍሬን ፔዳል እኩል! ቀስ!» ይላል። ቁልቁለቱን ወርጄ ወጥ ቤቱ ፊት ለፊት ስደርስ ሁለቱንም ረገጥኩ። ትራክተሩ ድመቷን ጣሪያ ላይ ያስወጣ ጩኸት ጮኸና ቀጥ ብሎ ቆመ። በግድግዳው ቀዳዳ የእማዬን ፊት አየሁት። አልሸሸችም።

«ጩኸቱን ወደድኩለት» አለች።

ባለወፍጮው በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣ። «ምነው ጎረቤት፣ ደግሞ ምጥ...»

«ዝም በል አንተ! ፍሬን ነው!» አለ አባዬ፣ በእግሩ እንደቆመ፣ እያለከለከ።

እኔ ማርሽ አስገብቼ ወደ እርሻው ወጣሁ። በሰፈሩ ወንዶች በኩል ዞሬ ነው የሄድኩት። መንገዱ ይረዝማል፤ ቢሆንም ፊታቸው ስደርስ እንዲጮህ ፍሬን ያዝኩ።